የስኳር ሕመምና እንቅልፍ፤ ሌሊቱን እንዴት አደሩ?



ስለ ስኳር ሕመም በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ምግብ ይሆናል። ሻይ ያለ ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ መተው፣ ዳቦና ሩዝ መቀነስ፣ ማርና ቴምር በልክ። ምክሩ ትክክል ነው። ይሁንና የስኳር ሕመምተኛ ከ24 ሰዓት ውስጥ ሲሶ የሚሆነውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከማዕድ ርቆ፣ ተኝቶ ወይም እንቅልፍ አጥቶ ነው። በዚያ ጊዜ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸው አንድ እናት አሉ እንበል። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ። ከመግሪብ በኋላ ግማሽ እንጀራ በምስር ወጥ በልተዋል። ሊተኙ ሲሉ ልጃቸው ሲለካቸው ስኳራቸው 140 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነበር። ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ሲለኩ 190 ሆነ። «እማዬ፣ ሌሊት ምን በልተሽ ነው?» ይላል ልጅ። «ወላሂ ከውሃ በቀር አፌ የገባ የለም» ይላሉ እናት። ልጅ አያምንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሩ ይደበቃል፤ ቴምሩ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል፤ እናት በገዛ ቤታቸው እንደ ሕፃን ይጠበቃሉ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም የጠዋቱ ቁጥር ብቻ ይነገርና መድኃኒት ይጨመርላቸዋል።

እናት ግን እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ማንም ስላልጠየቃቸው ያልተናገሩት ነገር አለ። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ለሽንት ተነስተዋል። እግራቸውን እያቃጠላቸው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሲገላበጡ ነበር። ለፈጅር ሲነሱ የተኙት ጊዜ ተደምሮ 4 ሰዓት አይሞላም።

ሳይበሉ ስኳር ከየት ይመጣል?

ከጉበት ነው። ጉበታችን ቀን ከበላነው ላይ ስኳር ያጠራቅማል፤ ሌሊት ምግብ በማናገኝበት ሰዓት ደግሞ አንጎልና ሌሎች የሰውነት ክፍሎች እንዳይራቡ ከተጠራቀመው እየቀነሰ፣ አዲስም እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። ይህ አላህ በሰው ልጅ ላይ ካደረጋቸው ጸጋዎች አንዱ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ማንም ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሳይበላ ተኝቶ ሊነጋለት አይችልም ነበር። ጤነኛ ሰው ላይ ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ጉበትን «በቃህ» እያለ ይቆጣጠረዋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ዘንድ ግን ኢንሱሊኑ ወይ የለም፣ ወይ አንሷል፣ ወይም ሰውነት ትእዛዙን አልሰማም ብሏል።

በዚህ ላይ ንጋት ሲቃረብ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰውነት ለመንቃት ይዘጋጃል። ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች የኢንሱሊንን ሥራ ይቃወማሉ፤ ጉበትም ተጨማሪ ስኳር ይለቃል። ሐኪሞች ይህን የንጋት ክስተት ይሉታል። ሰውየው ምንም ባይበላም የጠዋት ስኳሩ ከመኝታ ሰዓቱ ስኳር በልጦ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንቅልፍ ሲጎድል ይህ ሁሉ ይባባሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት አደጋ እንደገጠመው ሰው ይሆናል። አድሬናሊንን የመሰሉ የጭንቀት ሆርሞኖች ይጨምራሉ፤ ኮርቲሶል ዝቅ ማለት በሚገባው ሰዓት ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ጡንቻዎች ከደም ውስጥ ስኳር የመቀበል ፍላጎታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ትናንት በቂ የነበረው ያው መድኃኒት ዛሬ ያንሳል ማለት ነው።

ይህ በግምት የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለ6 ተከታታይ ሌሊት አልጋ ላይ 4 ሰዓት ብቻ እንዲቆዩ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ስኳር ከደማቸው የሚወገድበት ፍጥነት በደንብ ከተኙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ገደማ ዘግይቶ ተገኘ። እነዚህ የስኳር ሕመም ያልነበረባቸው ጎረምሶች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በኔዘርላንድ የላይደን ተመራማሪዎች አንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ባለባቸው 7 ሰዎች ላይ ሞከሩት። ለአንድ ሌሊት ብቻ 4 ሰዓት እንዲተኙ ሲደረግ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ከ14 እስከ 21 በመቶ ቀነሰ።

ከሁሉ የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ2008 በዚያው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነው። በዚህኛው ሙከራ 9 ወጣቶች የእንቅልፍ ሰዓታቸው አልተቀነሰባቸውም። ነገር ግን ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ በገቡ ቁጥር ሳይነቁ እንቅልፋቸው ብቻ እንዲሳሳ የሚያደርግ ድምፅ ይለቀቅባቸው ነበር። ከ3 ሌሊት በኋላ ለኢንሱሊን ያላቸው ምላሽ በ25 በመቶ ገደማ ወረደ። በመሆኑም «8 ሰዓት አልጋ ላይ ነበርኩ» ማለት ብቻውን አይበቃም። እየተቆራረጠ የታደረ ሌሊት፣ ወይም በማንኮራፋት የተረበሸ ሌሊት፣ በሰዓት ሲቆጠር ሙሉ መስሎ በጥልቀቱ ግን ጎዶሎ ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ ሙከራዎች የተሳተፉት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ሙከራዎቹም አጫጭር ናቸው። ያም ሆኖ የተለያዩ ቡድኖች በተለያየ መንገድ ሄደው አንድ ቦታ መድረሳቸው ክብደት ይሰጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካና የአውሮፓ የስኳር ሕመም ማኅበራት ስለ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ባወጡት የጋራ ሰነድ እንቅልፍን በሕክምናው ውስጥ ከአካል እንቅስቃሴ ጎን አስቀምጠውታል።

እንቅልፍ ማጣት የሚጎዳው በሆርሞን ብቻ አይደለም። በደንብ ያልተኛ ሰው በማግስቱ የሚርበው ይበዛል፤ የሚያምረውም ጎመን ሳይሆን ጣፋጭና ዳቦ ነው። ድካሙ ደግሞ በእግር መሄዱን ያስቀረዋል። ከባለቤትዎ ወይም ከእናትዎ ጋር ስለ ምግብ ከመጨቃጨቅዎ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ ይጠይቁ።

ስኳሩም በተራው እንቅልፍ ይነሳል

ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በደም ውስጥ ያለው ስኳር 180 አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት ሁሉንም መልሶ ማስቀረት ያቅተዋል፤ ስኳሩ ወደ ሽንት ያልፋል፤ ሲያልፍም ውሃ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሕመምተኛው ደጋግሞ ይሸናል፤ ይጠማዋል፤ ይጠጣል፤ እንደገና ይነሳል። እንቅልፉ በተቆራረጠ ቁጥር ስኳሩ ይወጣል፤ ስኳሩ በወጣ ቁጥር እንቅልፉ ይቆራረጣል።

አንዳንዶች ይህን ለማስቀረት ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሽንቱን ያመጣው ውሃው ሳይሆን ስኳሩ ነውና ውሃ ማቆም ሰውነትን ያደርቃል እንጂ መፍትሔ አይሆንም። ቀን ላይ በደንብ ጠጥቶ ለመኝታ 2 ሰዓት ሲቀር መቀነስ ይቻላል፤ ጥማትን አፍኖ ማደር ግን አይገባም።

ለረጅም ጊዜ ስኳራቸው ከፍ ብሎ የቆየ ሰዎች ደግሞ የእግር ነርቮቻቸው ይጎዳሉ። ቀን በሥራ ተዘንግቶ የዋለው ማቃጠልና መጠቅጠቅ ሌሊት ጸጥታ ሲሆን ይነሳል፤ ብርድ ልብሱ እንኳ እግራቸውን ሲነካው የሚያማቸው አሉ። «እድሜ ነው» ብለው ዝም አይበሉ። ለዚህ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶች ስላሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ እግሩ ሲታከም እንቅልፉ ይመለሳል።

ማንኮራፋትን ቤተሰብ ይስቅበታል፤ የሚያሳስበው ግን በመካከሉ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ዓይነት ነው። ሰውየው ያንኮራፋል፤ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ እንደታነቀ ሰው ተንደቅድቆ ይተነፍሳል። ይህ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ እርሱ ግን ጠዋት አያስታውሰውም። የሚያውቀው ጠዋት ራሱን እንደሚያመው፣ ቀን ላይ በተቀመጠበት፣ ኹጥባ እየሰማም ቢሆን፣ እንደሚያንቀላፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ከልክ ያለፈ ውፍረት ካለባቸው 306 የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኞች ውስጥ 86 በመቶ የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ምርመራው በአገራችን በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ቢሆንም ሐኪሙ እንዲጠረጥር የሚያደርገው የሚስት ወይም የባል ምስክርነት ነውና አብራችሁ ሂዱ። ክብደት መቀነስና በጎን መተኛት ብዙዎችን ይረዳል። በራስ ውሳኔ የእንቅልፍ ክኒን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ ግን ትንፋሹን የበለጠ ሊያፍነው ይችላል።

ሌሊት የሚወርድ ስኳር

እስካሁን ስለሚወጣው ተነጋገርን። ፈጥኖ ሰው የሚጥለው ግን የሚወርደው ነው። የጠዋቱን ቁጥር ብቻ እያዩ መድኃኒት መጨመር የሚያስፈራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከ70 በታች የወረደ ስኳር ዝቅተኛ ይባላል፤ ከ54 በታች ሲሆን አደገኛ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎችና ግሊበንክላማይድ የሚባለውን ክኒን የሚወስዱ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻውን የሚወስድ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ አይከሰትም። ኤን ፒ ኤች የተባለው፣ ሲያዩት ደመና የሚመስለው ኢንሱሊን ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይሉ ይበረታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት የተወጋ ሰው ኃይሉ የሚበረታበት ከሌሊቱ 5 እስከ 11 ሰዓት፣ ማለትም ተኝቶ ባለበት ሰዓት ነው። እራቱን ሳይበላ ወይም ቀንሶ በልቶ የተኛ እንደሆነ ችግር ይመጣል።

የተኛ ሰው ስኳሩ መውረዱን በራሱ ላያውቅ ይችላል። ምልክቶቹን ማወቅ ያለበት አጠገቡ የተኛው ነው፦ አንሶላ እስኪርስ ማላብ፣ መቃዠትና መጮኽ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲቀሰቅሱት ግራ የተጋባ ንግግር። ጠዋት ደግሞ ራስ ምታትና «ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ስሠራ ያደርኩ ይመስለኛል» የሚያሰኝ ድካም። ሰውየው ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩት፤ ካልወጣ ይድገሙት። ከተመለሰ በኋላ ቁራሽ ዳቦ ወይም ሌላ ምግብ ይብላ። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ ስኳርም ማርም ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላልና በጎኑ አስተኝተው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

በነገራችን ላይ፣ ጠዋት ስኳር ከፍ ብሎ ሲገኝ «ሌሊት ወርዶ በመልሱ ነው የወጣው» የሚል ማብራሪያ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። ቆዳ ላይ ተለጥፈው ሌሊቱን ሙሉ የሚለኩ መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ይህ ይታሰብ የነበረውን ያህል የተለመደ አለመሆኑ ታውቋል። በእርስዎ ላይ መሆን አለመሆኑን የሚነግርዎ ግን ሌሊት መለካት ብቻ ነው።

የሦስት ሌሊት ደብተር

የመለኪያው ወረቀት ውድ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ሁልጊዜ ይለኩ አንልም፤ ከቀጠሮዎ በፊት ባለው ሳምንት ሦስት ሌሊት መርጠው ይለኩ። ሊተኙ ሲሉ አንድ ጊዜ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ አንድ ጊዜ። ከቁጥሮቹ አጠገብ ይጻፉ፦ በስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ጊዜ ለሽንት ተነሱ፣ እራት ምንና መቼ በሉ፣ ያምዎ የነበረው ምንድን ነው፣ አጠገብዎ ያለው ሰው ያየው ነገር ካለ።

ይህች ትንሽ ደብተር ብዙ ትናገራለች። ሲተኙም ከፍ ብሎ ሌሊቱንም ከፍ እንዳለ ያደረ ከሆነ ጥያቄው ወደ እራቱና ወደ መድኃኒቱ ይመለሳል። ሲተኙ ደህና ሆኖ፣ በ9 ሰዓትም ደህና ሆኖ፣ ጠዋት የወጣ ከሆነ የንጋቱ ክስተት ነው። በ9 ሰዓት 60 ወይም 65 ከሆነ ደግሞ በዚያ ላይ መድኃኒት መጨመር እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ ስለሆነ ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት። ከእነዚህ ሌላ፣ ደህና ከተኙበት ሌሊት በኋላ 130፣ ሳይተኙ ካደሩ በኋላ 180 እየሆነ የሚመላለስ ከሆነ ጥፋተኛው እራቱ አይደለም፤ ሌሊቱ ነው። በላይ የጠቀስናቸው እናት እንዲህ ያለ ደብተር ቢኖራቸው ኖሮ ከልጃቸው ጋር አይጣሉም ነበር።

ብዙ የስኳር ሕመምተኞች ጠዋት ሳይቀምሱ እንዲኖራቸው የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ነው፤ ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ግን ሐኪሙ ከዚህ ከፍ ያለ ልክ ሊያወጣ ይችላል። ደብተሩን አይተው መድኃኒትዎን በራስዎ አይጨምሩ፤ አይቀንሱም።

መቼ እንተኛ?

ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። ለፈጅር የሚነሳ ሰው ይህን ወደኋላ መቁጠር ይችላል። በአዲስ አበባ የፈጅር አዛን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት መተኛት አለበት ማለት ነው። ዒሻ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ይገባል። ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ አለ። ያ ጊዜ በቴሌቪዥንና በስልክ ተዘርግቶ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሄድ ነው ፈጅር የሚከብደው፤ ስኳሩም የሚወጣው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ በወሬ ማምሸትን ይጠሉ እንደነበር በሐዲስ ተላልፏል። ሌሊቱን በሙሉ በሶላት ያሳልፍ ለነበረው ዐብደላህ ኢብኑ ዐምርም ሰውነቱና ዓይኖቹ በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስታውሰውት ከሌሊቱ እንዲተኛም አዘውታል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ተሀጁድ መቆም ይችላል፤ ቀድሞ ከተኛ በኋላ ሲነሳ ግን ሰውነቱም ይረዳዋል።

በየቀኑ በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሳት እንቅልፍን ለማስተካከል ይረዳል። ሌሊት የጎደለውን በቀይሉላ መሙላት መልካም ነው፤ ከዙህር በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል። ሁለት ሦስት ሰዓት የተኛ ሰው ግን ማታ እንቅልፍ ይርቀዋል።

እራት ከመኝታ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ቢል ይመረጣል። ከእራት በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ በእግር መንቀሳቀስ ከምግብ በኋላ የሚመጣውን ስኳር ያበርደዋል፤ ለዒሻ ወደ መስጊድ በእግር የሚሄድ ሰው ይህን ሳያስበው እየፈጸመ ነው።

ቡናን በተመለከተ፣ ከጠጣነው ውስጥ የሚያነቃው ንጥረ ነገር ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት በኋላም በደማችን ውስጥ ይገኛል። ከምሽቱ 12 ሰዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የተነሳ ሰው ከሌሊቱ 5 ሰዓት እንቅልፍ ቢያጣ አይገርምም። ቡና አይጠጣ ማለታችን አይደለም፤ የመጨረሻው ስኒ ከዙህር ብዙም የማይርቅ ይሁን።

ጫት ላይ ግን እንዲህ ለስለስ ብለን መናገር አንችልም። «ጫት ስኳር ያወርዳል» የሚሉ ቃሚዎች አሉ። የምናየው ሌላ ነው፦ ከቀትር እስከ ምሽት ተቅሞ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ እየተቃመ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣል፤ የመድኃኒት ሰዓት ያልፋል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ረሃቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ብዙ ይበላል፤ ከዚያም እስከ ንጋት ዓይን አይከደንም። ስኳርን የሚያበላሽ ሌሊት ቢፈለግ ከዚህ የተሟላ አይገኝም።

የሌሊት ተረኛ የሆኑ የጥበቃ ሠራተኞች፣ ነርሶችና ሾፌሮች፣ እንዲሁም በዐረብ አገሮች በሰው ቤት እየሠሩ በቀን አራት አምስት ሰዓት ብቻ የሚተኙ እህቶቻችን ይህን ምክር ሁሉ መፈጸም እንደማይችሉ ግልጽ ነው። ለእነርሱ ዋናው ነገር ሰዓታቸውን ለሐኪም መናገር ነው። «ጠዋትና ማታ» ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት ቀን ለሚተኛ ሰው ጠዋቱ መቼ እንደሆነ ተብራርቶ ሊነገረው ይገባል።

የረመዳን ሌሊት

በረመዳን የእንቅልፉ ነገር ከምንጊዜውም ይበልጥ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ የስኳር ሕመምተኛ ሙስሊሞችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ ነበር። ሆስፒታል የሚያስገባ ከባድ የስኳር መውረድ በረመዳን ከሌሎቹ ወራት ጋር ሲነጻጸር በአንደኛው ዓይነት ሕመምተኞች 4.7 እጥፍ፣ በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ 7.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ እንቅልፍ ብቻ አይደለም፤ የምግብና የመድኃኒት ሰዓት መለወጥ ዋናው ነው። እንቅልፍ ግን ሁለቱንም ያበላሻቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው። ከተራዊሕ በኋላ ሻይ ይፈላል፤ ሳምቡሳው ይመጣል፤ ጨዋታው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ይደርሳል። ሊተኙ ሲሉ ጠገብ አድርገው ይበሉና «ለሱሁር ከምነሳ እንቅልፌ ይሻለኛል» ይላሉ። ለስኳር ሕመምተኛ ይህ የከፋ ምርጫ ነው። በአገራችን ጾሙ ዓመቱን ሙሉ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፤ ሱሁር የዘለለ ሰው በዚያ ላይ ሌላ አራትና አምስት ሰዓት ይጨምርበታል። ረመዳን በበጋቸው ሲውል ሌሊቱ በጣም በሚያጥርባቸው በሰሜን አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ እንቅልፍና ሱሁር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚጣበቡባቸው ከሐኪማቸው ጋር ቀድመው መመካከር ይኖርባቸዋል።

የተሻለው ከተራዊሕ በኋላ በቀጥታ ቤት ገብቶ 4 ሰዓት ላይ መተኛትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለሱሁር መነሳት ነው። 6 ሰዓት ተገኘ ማለት ነው፤ ከዙህር በኋላ ያለችው ሸለብታ ትደመርበታለች። ሱሁሩ ወደ ፈጅር በተጠጋ ቁጥር ደግሞ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ የስኳር ሕመም ያለበት ጾመኛ ሲተኛ ቤተሰብ ዝም ብሎ አይለፈው። ስኳር የመውረዱ ስጋት ከፍ የሚለው ያን ጊዜ ነው፤ መዛሉንም ማንቀላፋቱንም «ጾም ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ቀስቅሰው ያነጋግሩት፤ ይለኩት። ጣት ወግቶ ደም መለካት ጾም አያበላሽም። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ጾሙን ማፍረስ ይኖርበታል፤ መግሪብ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ቢቀረውም እንኳ። አላህ ለበሽተኛ ፈቃድ ሰጥቷል።

መጾም ይችላሉ ወይስ አይችሉም፣ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት እንዴት ይለወጥ የሚለውን የሚወስነው ሐኪምዎ ነው። ለዚህ ከረመዳን በፊት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያስፈልጋል፤ ቀጠሮውን በረጀብ ያስይዙ። ሲሄዱም የሦስቱን ሌሊት ደብተር ይያዙ፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሱ ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም እርስዎ ይንገሩት።